የእትዬ ቦሰና የጾም ባልዲ

እትዬ ቦሰና እንጀራ አይጥሉም። ይህን አንድ ነገር የማያውቅ ሰው ስለ እሳቸው ምንም አያውቅም። እኔ ሃያ ዓመት ሙሉ በሩቅ ሳውቀው ኖሬ፣ በመጨረሻ ነገሩ መኪናዬ ውስጥ ገባ።

ፌርፋክስ መንገድ ላይ ካሉት የሐበሻ ሬስቶራንቶች በአንዱ ጓዳ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ሠርተዋል። ባለቤቱ ሦስት ጊዜ ተቀይሯል፣ የግድግዳው ቀለም አራት ጊዜ፤ ጓዳው ግን ያው የእሳቸው ነው። አጭር ናቸው። ቁጣቸው ግን ከቁመታቸው ይረዝማል። ቁራሽ እንጀራ መሬት ከወደቀ ሥራ ይቆማል፤ አንስተው፣ ሳም አድርገው ከፍ ያለ ቦታ ያስቀምጡታል፤ የጣለው ሰው ደግሞ እስከ ማታ ድረስ የሚበቃውን ያህል ይሰማል።

ችግሩ ደንበኛው ነው። የዌስትውድ ተማሪዎች የመጡ እንደሆነ ትሪው ተጠርጎ ይመለሳል፤ የተማሪ ሆድ የታወቀ ነው። የሚራክል ማይል የቢሮ ሰዎች ግን ለምሳ መጥተው ከዚህም ከዚያም ይነካኩና፣ ፎቶ ያነሱና፣ ግማሹን ትተው ይሄዳሉ። በተለይ ከወጡ ሥር የሚነጠፈውን እንጀራ፣ ያን ወጡን ጠጥቶ የራሰውንና ከሁሉ የሚጣፍጠውን፣ ሳህን ይመስል አይነኩትም። ትሪው እንዲያ ሆኖ ጓዳ ሲገባ እትዬ ቦሰና ይዘውት ቆመው የቆሻሻ ማጠራቀሚያውን ያያሉ። ሰው የሞተባቸው ይመስላሉ።

ብዙ ሞክረዋል። ያልተነካውን እንጀራ ድርቆሽ አደረጉት፤ አልጋቸው ሥር ሳይቀር ድርቆሽ ሞላ፤ እኛም በየቤታችን ድርቆሽ ሰለቸን። የተነካውን ለርግብ በተኑ፤ የአፓርታማው ማኔጀር በራቸው ላይ ደብዳቤ ለጠፈ። የከተማው አረንጓዴ ማጠራቀሚያ መጣና ምግቡ ማዳበሪያ እንደሚሆን ቢነገራቸው፣ “እህል አፈር ይብላው?” ብለው ጀርባቸውን ሰጡ።

እኔ ተስፋሁን እባላለሁ። ድሮ ታክሲ፣ አሁን ደግሞ በስልክ የሚጠራውን እነዳለሁ፤ ኤርፖርቱ አጠገብ ኢንግልዉድ እኖራለሁ፤ ምሳዬን የምበላው እሳቸው ጋ ነው። እሳቸው ኦርቶዶክስ፣ እኔ ጴንጤ። ረቡዕ ቀን ጥብስ ሳዝ በጓዳው መስኮት ብቅ ብለው ያዩኛል።  ፊቴን አዙሬ እጎርሳለሁ።

ለመፍትሔው ሰበብ የሆነው ቹይ ነው። ቹይ ሜክሲኳዊ ነው፤ ስምንት ዓመት እዚያው ጓዳ ዕቃ ሲያጥብ ቆይቷል። እሱና እትዬ ቦሰና የሚነጋገሩበት ቋንቋ እስካሁን ስም አልወጣለትም፤ ግማሹ እንግሊዝኛ፣ ሩቡ ስፓኒሽ፣ የቀረው “ጭልፋ”፣ “ቶሎ በል” እና “ወይኔ” ነው። አንድ ቀን እሳቸው ትሪ ይዘው ሲጨነቁ አየና፣

“ማማ፣ ለእኔ ስጪኝ፤ ቤቴ ሁለት አሳማ አለ” አላቸው።

እትዬ ቦሰና አማትበው እጃቸውን ታጠቡ። አሳማውን ያዩት ይመስል።

አሳማዎቹ የሉፒታ ድግስ ናቸው። ሉፒታ የቹይ አንድ ልጁ ናት፤ በጸደይ አሥራ አምስት ዓመት ይሞላታል። በእነሱ ባህል ሴት ልጅ አሥራ አምስት ስትሞላ የሚደገሰው ሠርግ ማለት ነው፤ የጎደለው ሙሽራው ብቻ ነው። ቹይ የሚኖረው ከኢንግልዉድ ወደ ደቡብ ወረድ ብሎ፣ ግቢ ውስጥ እንስሳ ማርባት የሚፈቀድበት ሰፈር ነው፤ ሁለቱን ግልገሎች ገዝቶ ለዚያች ቀን ያደልባቸዋል። ለመቶ ሃምሳ እንግዳ የሚቀርበው ሥጋ እነዚያው ናቸው፤ ሌላ የለም።

ለእትዬ ቦሰና ነገሩ ላም እሳት ወለደች ሆነባቸው። እንጀራውን እንዳይጥሉት እህል ነው፤ እንዳይሰጡት የሚበላው አሳማ ነው። ሦስት ሳምንት አሰቡበት። በመጨረሻ ለነፍስ አባታቸው ደወሉ፤ ስልኩን ስፒከር ላይ አድርገውት ስለነበር እኔም ምሳዬን እየበላሁ ሰማሁ።

“አባ፣ እንጀራ ለአሳማ መስጠት ኃጢአት ነው?”

“አንቺ አሳማውን ልትበዪ ነው?”

“ኧረ በስመ አብ!”

“እንግዲያ ምን አስጨነቀሽ? ፍጥረት ነው፤ ይብላ። መብላት ሌላ፣ ማብላት ሌላ።”

ፈቃዱ እንዲህ ተገኘ። መጓጓዣ ግን አልተገኘም፤ የቹይ መኪና ሞቶ በአውቶቡስ ነው የሚሄደው፣ የአውቶቡሱ ሹፌር ደግሞ ባልዲውን አይቶ “አንተ ግባ፣ እሱ አይገባም” አለው። በማግስቱ እትዬ ቦሰና ምሳዬን ራሳቸው ይዘውልኝ መጡ። ያኔ ነበር መጠርጠር የነበረብኝ።

“ተስፋሁን፣ ወደ ቤትህ ስትሄድ ቹይንና ባልዲውን ድሮፕ ታደርግልኛለህ።”

“እትዬ፣ መኪናዬ እኮ ፓሴንጀር ነው የሚጭነው! ቢሸትስ? ሪቪው ይጽፉብኛል!”

“አንተ ደግሞ! አሳማ የሚበላ ሰው ባልዲ ይፈራል?”

“ማነው አሳማ የሚበላው?”

“ጴንጤ አይደለህ?”

እውነቱን ለመናገር መጽሐፉ ፈቅዶልኛል፤ ሆዴ ግን እስካሁን አልፈቀደልኝም። ይህን ለእሳቸው ማስረዳት ከባድ ስለሆነ ባልዲውን ጫንኩ።

እንዲህ እያልን አንድ ወር ሄደ። ኤርፖርት ሻንጣ የሚጭን ሁሉ አፍንጫውን እየነፋ “ይሄ ምንድን ነው የሚሸተው?” ይለኛል፤ “ሽሮ” እለዋለሁ፤ “ሽሮ ምንድን ነው?” ይለኛል። ሦስቱን ደንበኛ አድርጌ ወደ ፌርፋክስ ልኬአቸዋለሁ፤ ከእትዬ ቦሰና ግን ምስጋና አላየሁም።

ከዚያ አንድ ቀን የቹይ ግቢ ስንደርስ የእንስሳት ጤና ተቆጣጣሪ ቆማለች። ረጋ ያለች፣ ቦት ጫማ ያጠለቀች ሴት። ባልዲውን አየችና ከየት እንደመጣ ጠየቀችን። ከሬስቶራንት ስንላት ፊቷ ተለወጠ። ሥጋ ያለበት፣ ሥጋ የነካውም ቢሆን፣ ትራፊ ለአሳማ አይሰጥም አለችን። በዚያ የሚገባ በሽታ የአንድ ግቢ ብቻ ሆኖ አይቀርም፣ የሰፈሩን እንስሳ ሁሉ ይጨርሳል። ለዛሬው አስጠነቀቀችን፤ ከደገማችሁ ግን አሳማዎቹ ይታገዳሉ አለች።

ቹይ አዘነ። እኔ ደግሞ መኪናዬ ነጻ ሊወጣ ስለሆነ ደስ ብሎኝ በማግስቱ ለእትዬ ቦሰና ነገርኳቸው። ከት ብለው ሳቁ።

“ታዲያ ይሄ ምን አዲስ ነገር አለው? ጾም ማለት እኮ ነው!”

 ተቆጣጣሪዋ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ስታስረዳን የቆየችውን ሕግ እትዬ ቦሰና ከልጅነታቸው ጀምሮ ይኖሩበታል። የጾም ድስት ሌላ፣ የፍስክ ድስት ሌላ፤ ጭልፋው ሌላ፣ ቢላው ሌላ፤ ቅቤ የነካው ማንኪያ ሽሮ ውስጥ ገባ ማለት ያ ሽሮ አለቀለት። ነጭ ባልዲ አመጡና በማርከር በትልቁ “ጾም” ብለው ጻፉበት። የበያይነቱ ትራፊ ብቻ እዚያ ይገባል። ሥጋ የነካው ዓይናቸውን ጨፍነው ወደ ከተማው አረንጓዴ ማጠራቀሚያ።

ተቆጣጣሪዋ በሚቀጥለው ወር ስትመጣ ጓንቷን አጥልቃ ባልዲውን በእንጨት እስከ ሥሩ ቆፈረችው። ምስር፣ ክክ፣ ጎመን፣ ቀይ ሥር፣ እንጀራ። ሌላ ምንም አላገኘችም። ጽሑፉ ምን እንደሚል ጠየቀችኝ።

“ቬጋን እንደ ማለት ነው፣ ግን እግዚአብሔር ያለበት” አልኳት።

ሳቀች። እንዲህ ያለ ንጹሕ ባልዲ አይቼ አላውቅም አለች። ይህን ስነግራቸው እትዬ ቦሰና አንድ ሳምንት ሙሉ ማንንም አልተቆጡም።

ሁዳዴ ገባ። ሰው ሁሉ የጾም ስለሚያዝ ነጩ ባልዲ ሁለት ሆነ። ክርስቲያኑ ሲከሳ አሳማዎቹ ወፈሩ። አንድ ቅዳሜ እትዬ ቦሰና “እስቲ እኔም ልያቸው” ብለው አብረውን መጡ፤ ግቢው ስንደርስ ግን መስኮቱን ዘግተው መኪናው ውስጥ ተቀመጡ። ከዚያ መስኮቱን ጣት ታህል ከፈቱ። ከዚያ እስከ ግማሽ። ቹይ ባልዲውን ገለበጠ፤ አሳማዎቹ ሽሮውንና ምስሩን እየተጋፉ ላሱትና ጥቅል ጎመኑን ወደ ጎን ገፉት።

“ምን ሆነው ነው የሚተውት?” አሉ እትዬ ቦሰና። በሩን ከፍተው ወረዱ። “ጨው በዝቶበት ነው?”

አጥሩ ሥር ቆመው በጣም ተቀየሟቸው። በሚቀጥለው ሳምንት ጥቅል ጎመኑ ውስጥ ካሮቱ ጨምሯል፣ ጨው ቀንሷል፤ ምክንያቱን ያወቅሁት እኔ ብቻ ነኝ። በዚያ ሁዳዴ ፌርፋክስ ላይ ጥቅል ጎመን የበላችሁ ሁሉ የአሳማ ምርጫ ነው የበላችሁት።

እዚያው ግቢ ውስጥ ከሉፒታ ጋር ተዋወቁ። ልጅቷ ለድግሱ ያሠራችውን ሰማያዊ ቀሚስ በስልኳ አሳየቻቸው፤ እሳቸው ደግሞ ወገቡ መጥበብ እንዳለበት በእጃቸው ለክተው አስረዷት። እትዬ ቦሰና ልጅ አልወለዱም። ይህን የሚያነሳባቸው ሰው የለም፤ እሳቸውም አያነሱትም። ቹይ ግን ገብቶታል መሰለኝ፣ በድግሱ ቀን ከቤተሰቡ ጋር ፊት ለፊት እንዲቀመጡ ጠየቃቸው።

“አሳማውን አልበላም” አሉት። “ግን እቀመጣለሁ።”

ፋሲካ ሆነ። ድግሱ ከፋሲካ በኋላ ሦስተኛው ቅዳሜ ነው።

አሁን ስህተቱን ልንገራችሁ። ከፋሲካ በኋላ ሃምሳ ቀን ጾም የለም፤ ረቡዕ የለም፣ ዓርብ የለም። ሃምሳ አምስት ቀን በዘይት የኖረ ጓዳ በቅቤ ታጥቦ ዋለ። እትዬ ቦሰና በጠዋት ክትፎ ቀምሰው ያንጎራጉራሉ። የጾሙ ጭልፋ ምስማሩ ላይ ተሰቅሏል፤ አንዱ ጭልፋ ሁሉም ድስት ውስጥ ይገባል። ነጩ ባልዲ ቦታው ላይ አለ። ግን የእሳቸውን እጅ ሃያ ሁለት ዓመት ሲያዘው የኖረው የጤና ሕግ ሳይሆን የቤተ ክርስቲያኑ የቀን መቁጠሪያ ነው። መቁጠሪያው ጾም የለም አለ፤ እጁም ታዘዘ። የዶሮው ትራፊ፣ የጥብሱ ፍርፋሪ፣ ሁሉም በደስታ ነጩ ባልዲ ውስጥ ገባ። ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ።

እኔስ? እኔ ደግሞ ባልዲውን ስጭን “ዛሬስ እንዴት ያውዳል!” ብያለሁ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ጴንጤ ነኝ፤ ረቡዕ ቀን ዶሮ ቢሸተኝ ምን ይገርመኛል? ቹይም ክዳኑን አልከፈተም፤ ላዩ ላይ “ጾም” ይላላ፤ ያንን ቃል ማንበብ ለምዷል።

ረቡዕ ተቆጣጣሪዋ ግቢው ውስጥ ነበረች። በፈገግታ ተቀበለችን፣ እንጨቷን ሰደደች፣ የዶሮ እግር አጥንትና ግማሽ እንቁላል ይዛ ወጣች። ፈገግታዋ ጠፋ። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻል ነበር። አሳማዎቹ ለሰላሳ ቀን ታገዱ። ከግቢ አይወጡም፣ አይታረዱም፤ ካልታመሙ ከዚያ በኋላ ነጻ ናቸው። ድግሱ ግን በአሥራ ሰባተኛው ቀን ነው።

ቹይ ባርኔጣውን አውልቆ “ኦኬ፣ ኦኬ” አለ። ሉፒታ በመስኮት ታየን ነበር፤ መጋረጃውን ዘጋችው።

በማግስቱ ቹይ እንደወትሮው ዕቃ ሲያጥብ ዋለ። ለእትዬ ቦሰና የነገርኳቸው እኔ ነኝ። የሽንኩርት ጆንያ ላይ ተቀመጡ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ የእሳቸው የእጅ ወለምታ ግን ጭራሽ የመጣው ከቅቤው ነው። ይህን ቀልድ ያን ቀን አልነገርኳቸውም።

“እኔ ነኝ” አሉ። “የልጅቷን ቀን በእጄ አበላሸሁት።”

ለአባ ደወሉ። “አባ፣ ይቅጡኝ፤ አርባ ቀን ልጹም።”

“ቦሰና፣ በበዓለ ሃምሳ ጾም የለም። እኔም ላዝ አልችልም፣ አንቺም ልትጨምሪ አትችዪም።”

“ታዲያ ምን ልሁን?”

“ምግብ ያጎደልሽበትን ቤት አብዪ።”

ስልኩን ዘጉና ወደ ዕቃ ማጠቢያው ሄዱ። “ቹይ፣ ምግቡ የእኔ ነው” አሉት። ቹይ እጁን እያደረቀ መቶ ሃምሳ እንግዳ ነው አላቸው። “እኔ ለፋሲካ አራት መቶ አብልቻለሁ፤ ዝም በል” አሉት። እሱ ግን ዝም አላለም። ዘመዶቹ ከሩቅ ነው የሚመጡት፤ አሳማ ጠብቀው ነው የሚመጡት፤ ይሄን ምግብ አያውቁትም። “ማማ፣ ባይበሉትስ?” አላቸው።

እሳቸው ድስታቸውን ሊያማስሉ ተመለሱ። መኪናዬ ውስጥ ሲገቡ ግን ለእኔ ነገሩኝ። “ተስፋሁን፣ ሃያ ሁለት ዓመት ሰው የተወውን ሳነሳ ነው የኖርኩት። ለምጄዋለሁ። የዚህች ልጅ ድግስ ላይ ከተውት ግን አልችለውም።”

በድግሱ ቀን ስድስት ጊዜ ተመላለስኩ። ዶሮ ወጥ፣ የበግ ጥብስ፣ ዓይብ፣ ሰላጣ፣ እንጀራ በካርቶን በካርቶን። እነቹይ ከሰዓት በፊት ቅዳሴያቸውን ጨርሰው መጡ። ሉፒታ በዚያ ሰማያዊ ቀሚስ በበሩ ለመግባት በጎን መዞር ነበረባት። ወገቡ ጠቧል። አሳማዎቹ ከአጥሩ ወዲያ ሆነው ድግሳቸውን ያያሉ። እግረ መንገዴን ልንገራችሁ፤ እገዳው በሰላሳኛው ቀን ተነሣላቸው። ከዚያ በኋላ ምን እንደሆኑ እትዬ ቦሰና አልጠየቁም፣ ቹይም አልነገራቸውም።

ትሪዎቹ ቀረቡ። ሰዉ ቆሞ አያቸው። እትዬ ቦሰና ከፊት ወንበራቸው ላይ ነጠላቸውን በእጃቸው ጨምድደው ይዘዋል። እኔ እንኳ ጸለይኩ፤ ለዶሮ ወጥ ስጸልይ የመጀመሪያዬ ነው።

የተነሡት የቹይ እናት ናቸው። ሰማንያ ያለፋቸው፣ ከዘራ የያዙ ሴት። እንጀራውን በጣታቸው ዳሰስ አድርገው ቆረሱ፣ ዶሮውን ፈልፍለው ጠቀለሉበት፣ ጎረሱ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ቂጣ ቆርሰው፣ በርበሬ ያለው ወጥ ጠቅልለው የበሉ ሰው ናቸው፤ ማን ምን ያስተምራቸዋል? አላመጡ። ግንባራቸው ወዛ። በስፓኒሽ አንድ ነገር ተናገሩ። ቹይ ሳቀና “ይሄን ሁሉ ዓመት የት ደብቀኸው ነበር እያለችኝ ነው” አለ።

ከዚያ በኋላ ትሪው አካባቢ ቦታ አልተገኘም። እኔ ራሴ ጥብሱን ሳልደርስበት አለቀ።

አሥር ሰዓት ገደማ ሙዚቃው ሞቅ እንዳለ እትዬ ቦሰናን ፈለግኋቸው፤ ወንበራቸው ላይ የሉም። ልማዳቸው አላስቀመጣቸውም፤ ነጩንና ለሥጋው የሚሆን ሌላ ባልዲ ይዘው ትሪዎቹን ለመሰብሰብ ተነሥተዋል። ያገኘኋቸው የአሳማዎቹ አጥር አጠገብ ነው። ያለቅሳሉ።

“እትዬ! ምን ሆኑ?”

“ባዶ ነው” አሉኝ።

“ምኑ?”

“ሁሉም። እየው።” ነጩን ባልዲ ገልብጠው አሳዩኝ። “ከሥር የተነጠፈውን እንኳ በሉት፣ ተስፋሁን። ከሥር የተነጠፈውን እንኳ።”

ዞር ብዬ ትሪዎቹን አየሁ፤ ያብረቀርቃሉ። እኔም ዓይኔ ውስጥ የሆነ ነገር ገባ፤ አልክድም።

አሳማዎቹ ባልዲ አይተዋልና አጥሩን እየገፉ ይጮኻሉ። እትዬ ቦሰና እንባቸውን በነጠላቸው ጠርገው ዞሩባቸው።

“እናንተ ደግሞ ዛሬ ጹሙ!” አሏቸው።

ከዚያም ያን “ጾም” የሚለውን ባልዲ መሬት ላይ ደፍተው ተቀመጡበት። ሉፒታ ቀሚሷን በሁለት እጇ ሰብስባ መጣችና፣ እናቷ ከሩቅ እየጮኸችባት፣ አጠገባቸው ሣሩ ላይ ቁጭ አለች።